ሥራውን ከመያዛችሁ በፊት፦ በአሜሪካ ለአእምሮ ጤና ባለሙያዎች የትምህርት ብድር ማሰረዣ መመሪያ

ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ይዛ መጣች። ሶሻል ወርክ ተምራ፣ የክሊኒካል ላይሰንሷን ገና ማውጣቷ ነው። አንደኛው ደብዳቤ ከግል የቴራፒ ኩባንያ የመጣ ነው፤ በዓመት 71 ሺህ ዶላር። ሁለተኛው ከማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ነው፤ 63 ሺህ። የትምህርት ዕዳዋ 78 ሺህ ዶላር ነው። እናቷ ቀድመው ፈርደዋል፤ «ስምንት ሺህ ዶላር ሜዳ ላይ ይጣላል እንዴ?»

«ጋሼ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

እኔ ስለ ደመወዙ አልጠየቅኋትም። የጠየቅኋት ጤና ጣቢያው ሂፕሳ ነጥቡ ስንት እንደሆነ ነው። ምን እንደማወራ አልገባትም። ስድስት ዓመት ተምራ፣ ሦስት ሺህ ሰዓት በሱፐርቪዥን ሠርታ፣ ይህን ቃል፣ የባለሙያ እጥረት ያለበትን ቦታ መለኪያ፣ የነገራት ሰው አልነበረም።

ዕዳው የሚሰረዘው ቴራፒስት ስለሆናችሁ አይደለም። የሚሰረዘው በምትሠሩበት ቤት ነው። አንድ ዓይነት ዲግሪና አንድ ዓይነት ላይሰንስ ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ መንገድ ለመንገድ ተያይተው እየሠሩ፣ አንዷ 50 ሺህ ዶላር ይከፈልላታል፤ ሌላዋ ሰባራ ሳንቲም አታገኝም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጠቅመው የቅጥር ወረቀቱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ካነበባችሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሰው የአእምሮ ጤና ባለሙያ እጥረት አለበት ተብሎ በተመዘገበ አካባቢ ይኖራል። ለአንድ ሳይካትሪስት 30 ሺህ ሰውና ከዚያ በላይ ሲደርሰው፣ ያ አካባቢ እጥረት ያለበት ሊባል ይችላል። መንግሥት ባለሙያውን እዚያ ሂድ ብሎ ማዘዝ ስለማይችል፣ ዕዳውን ይዞ ይደራደረዋል። አገር ቤት ኮስት ሼሪንግና የግዴታ አገልግሎት የሚባሉትን ለምታውቁ ሐሳቡ አዲስ አይሆንባችሁም። እዚህ ግን በውዴታ ነው፤ ውሉን ፈልጎ የሚፈርመው ራሱ ባለሙያው ነው።

(ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

አንድ፦ ዕዳችሁን ለዩት

የፌዴራል ተማሪዎች ብድር ድረ ገጽ ላይ ግቡና ያለባችሁን ብድር አንድ በአንድ ጻፉ። ጠቅላላ ድምሩ ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ብድር የፌዴራል ነው ወይስ የባንክ? የፌዴራል ከሆነ «ዳይሬክት» ይላል ወይስ ሌላ ስም አለው? ከ2010 በፊት የተማሩ ሰዎች በባንክ በኩል የተሰጠ የድሮ የፌዴራል ብድር ሊኖርባቸው ይችላል። እሱ ወደ ዳይሬክት ካልተዋሐደ፣ ቀጥዬ ከማነሳቸው ሁለት የማሰረዣ መንገዶች በረዥሙ አይቆጠርም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ «ወለዱን እንቀንስላችሁ» ብሎ ሪፋይናንስ የሚያደርግ ባንክ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ይህን ጽሑፍ ጨርሱ። የፌዴራል ብድር አንዴ ወደ ግል ባንክ ከሄደ አይመለስም። ከሌላ ሰው ብድር ወይም ከትምህርት ውጪ ከሆነ ዕዳ ጋር የተቀላቀለ ብድርም በአጭሩ መንገድ ዋጋ የለውም። አባትና እናት በስማቸው የወሰዱት ብድርም እንደዚያው።

ሁለት፦ መንገዶቹ ሁለት ናቸው

አጭሩ ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር ይባላል። መሠረቱ በ1970 የወጣ ሕግ ነው። የሚያስተዳድረው ኸርሳ የተባለው የፌዴራል የጤና መሥሪያ ቤት ነው። እጥረት ባለበት ቦታ ሁለት ዓመት በሙሉ ሰዓት ለሚሠራ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እስከ 50 ሺህ ዶላር ይከፍላል። በግማሽ ሰዓት ከሆነ እስከ 25 ሺህ። በሱስ ሕክምና ላይ ለሚሠራ ሌላ ክፍል አለው፤ ለሦስት ዓመት እስከ 75 ሺህ። በዚሁ በሱስ ሕክምና ገጠር ለሚገባ ደግሞ በሦስት ዓመት እስከ 100 ሺህ ይደርሳል። ገንዘቡ የፌዴራል ታክስ አይነካውም። የባንክ የትምህርት ብድርንም ይቀበላል።

ረዥሙ ፐብሊክ ሰርቪስ ሎን ፎርጊቭነስ፣ በአጭሩ ፒኤስኤልኤፍ ነው። በ2007 የወጣ ሕግ ነው። ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልተቋቋመ ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት እየሠራችሁ፣ 120 ወርሃዊ ክፍያ ከከፈላችሁ፣ የቀረው የዳይሬክት ብድር ይሰረዛል። አሥር ዓመት መሆኑ ነው። ወራቱ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። መሥሪያ ቤት ብትቀይሩም የቆጠራችሁት አይጠፋም። ሙያም አይመርጥም፤ የጤና ጣቢያው ሒሳብ ሠራተኛም ይገባበታል። የባንክ ብድርን ግን አይነካም።

ልዩነታቸውን አስተውሉ። አጭሩ ገንዘቡን መጀመሪያ ይሰጣችሁና እናንተ ዕዳችሁ ላይ ታውሉታላችሁ። ረዥሙ ሳንቲም አይሰጣችሁም፤ መጨረሻ ላይ የቀረውን ይፍቃል። ደግሞም አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ለትርፍ ያልተቋቋመ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሆናችሁ የሁለት ዓመቱን ውል ስትፈጽሙ፣ ወርሃዊ ክፍያችሁን ካላቋረጣችሁ የ120ው ቆጠራም አብሮ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ አንዱን ትቶ ሌላውን ይመርጣል።

የወር ክፍያው ስንት ይመጣል? በገቢ ልክ ከሚያስከፍሉት አንዱን፣ አይቢአር የሚባለውን እንውሰድ። ከጁላይ 2014 ወዲህ መበደር ለጀመረ ሰው፣ ከድህነት መስመሩ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ካለው ገቢ ላይ 10 በመቶ ይወስዳል። በ2025 መስመር ለብቻው ለሚኖር ሰው ይህ 23,475 ዶላር ነው። ታክስ የሚታሰብበት ገቢያችሁ 60 ሺህ ቢሆን የሚቀረው 36,525 ነው፤ ከዚህ አሥር በመቶ በዓመት 3,652፣ በወር 304 ዶላር ገደማ። አራት ሆናችሁ በአንድ ደመወዝ የምትኖሩ ከሆነ ያው ገቢ በወር ወደ 98 ዶላር ይወርዳል። አዲስ አበባ ላሉት እናታችሁ በየወሩ የምትልኩት ግን እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ አይገባም።

የክፍያ ዕቅዶቹ አሁን እየተቀያየሩ ነው። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ሴቭ የሚባለው ዕቅድ እንዲቋረጥ ወስኗል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ራፕ የሚባል አዲስ ዕቅድ ይተካል፤ በእሱ የሚከፈለውም ለ120ው ይቆጠራል። ይኸው ሕግ ከዚያ ቀን ወዲህ ማስተርስ ለሚጀምሩ አዲስ ተበዳሪዎች የፌዴራል ብድሩን በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100 ሺህ ላይ አቁሞታል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ጉድለቱን በባንክ ብድር የሚሞላ ተማሪ ይበዛል ብዬ እገምታለሁ። የባንክ ብድርን የሚቀበለው አጭሩ መንገድ ብቻ መሆኑን ያዙልኝ።

ሦስት፦ ላይሰንስና ፓስፖርት

ለአጭሩ መንገድ ያለ ሱፐርቪዥን ራሳችሁን ችላችሁ የምትሠሩበት ሙሉ ላይሰንስ ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ውስጥ ማስተርስ እንደጨረሳችሁ የምታገኙት የሶሻል ወርክ ላይሰንስ አይበቃም፤ 3,000 ሰዓት ሞልታችሁ ክሊኒካሉን ማውጣት አለባችሁ። ቨርጂኒያም ለክሊኒካል ሶሻል ወርከር 3,000 ሰዓት ትጠይቃለች። ሶሻል ወርከር፣ ፕሮፌሽናል ካውንስለር፣ የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒስት፣ ሳይኮሎጂስት፣ ሳይካትሪስት፣ የሳይካትሪ ነርስ ስፔሻሊስት ሁሉም ይገቡበታል።

የአሜሪካ ዜግነትም ግድ ነው። ግሪን ካርድ አይበቃም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ወገኖቻችን የሚደናቀፉት። ለረዥሙ መንገድ ግን ዜግነት አያስፈልግም፤ ግሪን ካርድ ይዛችሁ የፌዴራል ብድር ከወሰዳችሁ ክፍያችሁ ይቆጠራል።

ስለዚህ ላይሰንሱንም ዜግነቱንም ገና እየጠበቃችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ የሱፐርቪዥን ሰዓታችሁን ለትርፍ ባልተቋቋመ ቦታ ሙሉት። ሁለት ሦስት ዓመት ከ120ው ላይ ቆጥራችሁ ትጠብቃላችሁ። ላይሰንሱና ፓስፖርቱ ሲመጡ አጭሩን ትጨምራላችሁ። ለእኔ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጠኝ ሰው ቢኖር ኖሮ!

አራት፦ አሠሪውን መርምሩ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

መጀመሪያ ኢአይኤን የሚባለውን የአሠሪውን የታክስ ቁጥር ጠይቁ። ደብልዩ ቱ በሚባለው የዓመቱ የደመወዝና የታክስ ወረቀት ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ቁጥሩን የፌዴራል ተማሪዎች ብድር ድረ ገጽ ላይ ባለው የአሠሪ መፈለጊያ ውስጥ አስገቡት፤ ይቆጠራል ወይም አይቆጠርም ብሎ ይነግራችኋል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እኔ ይህን አምስት ደቂቃ አጥቼ አሥራ አራት ወር አቃጥያለሁ። የምሠራው ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ባጄ ላይ የሆስፒታሉ ስም አለ። ፓርኪንጉ የሆስፒታሉ ነው፣ አለቃዬ የሆስፒታሉ ነች። ወረቀቱን ሳስገባ «አሠሪዎ ብቁ አይደለም» የሚል መልስ መጣ። ለካስ ደመወዜን የሚከፍለኝ ሌላ ስቴት ያለ ሠራተኛ አቅራቢ ኩባንያ ኖሯል። ደብልዩ ቱውን አወጣሁና አየሁት፤ ላዩ ላይ የሆስፒታሉ ስም ለመድኃኒት እንኳ የለም። ቼካችሁን ማን ነው የሚቆርጠው? ባጁን ተዉትና እሱን እዩ።

ቀጥሎ ለአጭሩ መንገድ ቦታው ራሱ የጸደቀ መሆን አለበት። ኸርሳ «ኸልዝ ወርክፎርስ ኮኔክተር» የሚባል መፈለጊያ አለው። የጤና ጣቢያውን ስም አስገቡና የአእምሮ ጤና ሂፕሳ ነጥቡን እዩ። ሂፕሳ የባለሙያ እጥረት ያለበት ቦታ ማለት ነው፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 25 ይሄዳል። ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ችግሩ የከፋ ነው፣ ማመልከቻችሁም ወደ ፊት ይሰለፋል። ገንዘቡ የሚታደለው ከላይ ወደ ታች ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ። ነጥቡ 20 የሆነና 9 የሆነ ቦታ አንድ አይደሉም።

ሁለት ስሕተት አያለሁ። አንደኛው የቤተሰብ ሕክምናውን ነጥብ አይቶ የአእምሮ ጤናውን ያየ መምሰል ነው፤ ለየብቻ ናቸው። ሁለተኛው ዋናው ቢሮ የጸደቀ ስለሆነ ቅርንጫፉም የጸደቀ ነው ብሎ ማመን ነው። እናንተ በእግራችሁ የምትገቡበትን አድራሻ ፈትሹ። በሁለት ቅርንጫፍ የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱንም።

በፌዴራል ድጋፍ የሚሠሩ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ሂፕሳነታቸው በራሱ ይመጣል፤ ፍለጋውን ከእነሱ ጀምሩ። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው በአቅሙ የሚያስከፍሉ፣ ሜዲኬይድ የሚባለውን ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ የሚቀበሉ ቦታዎች ናቸው። የእኛም ሰው ተሸፋፍኖ፣ ጎረቤት እንዳያየው ጎን ጎኑን እየቃኘ የሚገባው እነሱ ጋ ነው።

ኢንተርቪው ላይ ኤች አሯን እነዚህን ጠይቋት፦ ቦታው የናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር ፈቃዱ አላለፈበትም ወይ? በዚህ ቅርንጫፍ አሁን ውል ያለው ባለሙያ አለ? የቅጥር ማረጋገጫውን ኦንላይን የሚሞላው ሰው ማን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ አትናቁት። ማመልከቻችሁን የምታስገቡት እናንተ ብትሆኑም፣ አሠሪያችሁ በሥርዓቱ ውስጥ ገብቶ ካላረጋገጠ ወረቀታችሁ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ይወድቃል። «እኔንጃ፣ ልጠይቅልህ» ካሏችሁ ስሙን ሳትይዙ አትውጡ።

አምስት፦ ማመልከቻው

በዓመት አንዴ ይከፈታል፣ ለጥቂት ሳምንት ይቆያል፣ ይዘጋል። የዓመቱን መመሪያ ሙሉውን አንብቡ፤ ረዥም ነው፣ ይሰለቻል፣ ግን አንብቡ። ቁጥሮቹም በየዓመቱ ሊለወጡ ይችላሉ። የዜግነት ማስረጃ፣ ላይሰንስ፣ ለእያንዳንዱ ብድር ሁለት ወረቀት ያስፈልጋችኋል፦ አሁን ያለውን ቀሪ የሚያሳይ መግለጫና ገንዘቡ መቼ፣ ለምን ትምህርት እንደተለቀቀ የሚያሳይ ዝርዝር። የባንክ ብድር ካላችሁ ሁለተኛውን ወረቀት ለማግኘት ስልክ ላይ ስትንጠለጠሉ ልትውሉ ነውና ቀድማችሁ ጀምሩ።

ስማችሁን አስተካክሉ። ይሄ የእኛ ጣጣ ነው። «ፀሐይ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት እንደምንጽፈው ታውቃላችሁ። ገብረ ማርያም ፓስፖርቱ ላይ ሁለት ቃል፣ ላይሰንሱ ላይ አንድ ቃል ይሆናል። ብድሩ በአያት ስም፣ ደብልዩ ቱው በአባት ስም። ካገባችሁ በኋላ የባላችሁን ስም የወሰዳችሁም አላችሁ። ማመልከቻው ሲከፈት ሳይሆን ከዚያ ሁለት ወር በፊት ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ከ2024 ጀምሮ ስፓኒሽ ተናግሮ ፈተና ላለፈ ባለሙያ እስከ 5 ሺህ ዶላር ጭማሪ ነበረው። አማርኛ? ምንም። በአማርኛ የሚያክም ቴራፒስት ፍለጋ ቤተሰብ ከተማ ለከተማ እየደወለ፣ ይሄ ያናድዳል።

ስድስት፦ ከፈረማችሁ በኋላ

ሙሉ ሰዓት ማለት በሳምንት ቢያንስ 40 ሰዓት፣ በዓመት ቢያንስ 45 ሳምንት ነው። ስለዚህ በዓመት ከቦታችሁ መራቅ የምትችሉት ሰባት ሳምንት፣ ማለትም 35 የሥራ ቀን ያህል ነው። በዓሉም፣ ሕመሙም፣ ኮንፈረንሱም ከዚሁ ይቆረጣል። አገር ቤት ወርዶ የወንድም ሠርግ፣ የእናት ተዝካር፣ ከዚያ «እስቲ ላሊበላን ልይ» የሚባል ሦስት ወር የለም። ለወሊድ ወይም ለከባድ ሕመም ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን አገልግሎቱ ይገፋል እንጂ አይቀነስም።

የተሰጣችሁን ገንዘብ በሙሉ ዕዳው ላይ አውሉት፤ ደረሰኙንም ያዙ። ከሁለት ዓመቱ በኋላ ዕዳ ከቀረ በየዓመቱ ማራዘም ይቻላል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ገንዘብ የት እንደገባ ያሳዩኝ ይላሉ። ለቤት ቀብድ ያዋለው ሰው መልስ የለውም።

ውሉን ማፍረስ አያዋጣም ብል ያንስበታል። ያልሠራችሁበትን ድርሻ ትመልሳላችሁ፤ በዚያ ላይ ላልሠራችሁት ለእያንዳንዱ ወር 7,500 ዶላር፤ በዚያ ላይ ወለድ። ከ31 ሺህ ዶላር በታች አይወርድም። 50 ሺህ ተቀብላችሁ አሥር ወር ሲቀራችሁ ብትወጡ፣ 20,833 ሲደመር 75,000፣ ወደ 96 ሺህ ዶላር ከወለድ ውጪ ማለት ነው። ከተሰጣችሁ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ አለቃችሁ መርዝ ብትሆን እንኳ መልቀቂያውን ከመጻፋችሁ በፊት ለፕሮግራሙ አሳውቁ። ወደ ሌላ የጸደቀ ቦታ መዛወር ይቻላል፤ ግን ፈቃዱ መቅደም አለበት። ተናድዶ መውጣት የለም።

ለፒኤስኤልኤፍ ደግሞ የአሠሪ ማረጋገጫውን በየዓመቱ አስገቡ፤ መሥሪያ ቤት በቀየራችሁ ቁጥርም። አሥር ዓመት ጠብቆ በአንዴ የሚያስገባ ሰው፣ የተዘጋ ድርጅት ፊርማ ሲፈልግ ይኖራል።

ሰባት፦ ሌሎች በሮች

አጭሩ መንገድ ካልተሳካ ስቴታችሁን እዩ። ሚኒሶታ በገጠርም በከተማም ለሚሠሩ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች የራሷ ፕሮግራም አላት። ዋሽንግተን ስቴት በኸልዝ ኮሯ ውስጥ ለዚሁ ሙያ የተለየ ክፍል አላት። ቴክሳስና ቨርጂኒያም አላቸው። ግን የአገልግሎት ግዴታ ያለባቸውን ሁለት ውሎች በአንድ ጊዜ መያዝ አይቻልም፤ አንዱን ጨርሱና ወደ ሌላው ሂዱ። የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ደግሞ በአምስት ዓመት እስከ 200 ሺህ ዶላር የሚከፍሉበት አሠራር አላቸው፤ የሥራ ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። በሱስ ሕክምና ለምትሠሩ ስታር የሚባል የኸርሳ ፕሮግራም አለ፤ ስድስት ዓመት ይጠይቃል፣ እስከ 250 ሺህ ይደርሳል፣ የሚቀበላቸው ሙያዎችም ሰፋ ያሉ ናቸው።

«ዕዳችሁን በ600 ዶላር እናሰርዛለን» ብሎ የሚደውል ሰው ሲያጋጥማችሁ ስልኩን ዝጉት። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ማመልከቻው በነፃ ነው። የፌዴራል ብድር አካውንታችሁን የይለፍ ቃል ለማንም አትስጡ፤ ለአክስታችሁ ልጅም ቢሆን።

ያቺ ልጅ በማግስቱ ደወለችልኝ። የጤና ጣቢያው ነጥብ 19 ነው። ኤች አሯም ማረጋገጫውን የሚሞላውን ሰው ስም ሰጥታታለች። «እናቴን ግን አንተ አስረዳልኝ» አለችኝ።